ጎጆ ለመውጣት ቤት መግዛት ግድ ነውን?

«ቤት ለሌለው ሰው ልጄን አልድርም» የሚል አባት በሐዲያ ምድር በምትገኘው በፎንቆ ዛሬም አይታጣም። አባባሉ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በገጠሩ አባት ከእንሰቱ ሥር ቦታ ለይቶ ሲሰጥ፣ ጎረቤት እንጨት ተሸክሞና ሣር አጭዶ ለሙሽራው ጎጆ ያቆምለት ነበርና። የከተማ መሬት ግን ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ርስት መሆኑ ቀርቷል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም የመኖሪያውን ዘመን 99 ዓመት አድርጎ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ እንዳያንስ ደነገገ።

በዚህ ላይ ልጆቻችን ከደቡብ አፍሪካ የሚልኩት ገንዘብ ሆሳዕናንና የአካባቢዋን ከተሞች በአማሩ ቤቶች አስጊጧል፤ ዋጋውንም አብሮ ሰቅሎታል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ወጣት መምህር ከዚህ ገንዘብ ጋር ተወዳድሮ ቤት ይገዛል ማለት ዘበት ነው። ታዲያ ከብቱን ሸጠን እርሱንም እንስደደው? በመንገድ ለቀሩት ያለቀስነው አይበቃምን?

ወላጆች ሆይ፣ በኪራይ ቤት መዳር ነውር አይምሰላችሁ። ብቻ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ አከራዩም ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል አዝዟል። ለድግሱ ያሰባችሁትን ገንዘብ እኩሌታውን በሙሽሮቹ ስም በባንክ አስቀምጡላቸው፤ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በመኖሪያ ቤት ማኅበር ለመደራጀት መነሻ ይሆናቸዋል።