ያገለገለ አውቶሞቢል በካምፓላ፤ ርካሹ መኪና የቱ ነው?

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ከሞምባሳ ወደብ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። አገሪቱ የባሕር በር ስለሌላት መኪናውም፣ የመኪናው መለዋወጫም፣ ነዳጁም በብዛት የሚደርሳት የኬንያን ምድር አቋርጦ ነው። ስለዚህ አንድ የካምፓላ የመንግሥት ጸሓፊ ወይም መካከለኛ ነጋዴ ከደመወዙና ከትርፉ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ አውቶሞቢል ለመግዛት በተነሣ ጊዜ የሚከፍለው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለመርከቡም፣ ለወደቡም፣ ለመንገዱም፣ ለቀረጡም ጭምር ነው። በካባላጋላና በካንሳንጋ ሠፈሮች ምግብ ቤት ከፍተው የሚኖሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆችም ይህንኑ ሒሳብ ማስላት ግድ ይሆንባቸዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የተሟላ አይደለም። ገንዘቡ የተወሰነ ሰው «ከገዛሁት በኋላ በየወሩ ስንት ያስወጣኛል? መሸጥ ባስፈለገኝ ቀንስ ማን ይገዛኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በካምፓላ የመሸጫ ግቢዎች ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ አንዱ ትንሽና ተራ ነው፤ ሁለተኛው ሰፊ፣ የቆዳ ወንበር ያለው፣ የተቀመጠበትን ሁሉ ጌታ የሚያስመስል ነው። ዋጋቸው ስለምን እንደ ተቀራረበ የማይመረምር ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ትልቁ መኪና የረከሰው ግን ሻጩ ለጋስ ስለሆነ አይደለም፤ የቤንዚኑና የጥገናው ወጪ ያስፈራቸው ሰዎች ስለሸሹት ነው። በከተማይቱ ዳርቻ ባሉት ሠፈሮች በየግቢው ሸራ ለብሶ የሚቆመው አብዛኛው መኪና እንዲህ ያለው ነው፤ ባለቤቱም ጠዋት ጠዋት በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጦ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ለምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ መኪናን በጥንካሬው መመዘን አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በመንገዱ ላይ የበዙት የእንግሊዝ መኪናዎች ነበሩ፤ ኋላ ግን የፈረንሳዩ ፔጆ ስሙ ገነነ። ይህን ስም ያተረፈለት ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር ነው። ፔጆ 404 በ1963 አሸነፈ፤ ከ1966 እስከ 1968 ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ ድል አደረገ። በዚያ ጭቃና ድንጋይ ያልተሰበረ መኪና ለቤተ ሰብም ይሆናል ብሎ ብዙ ሰው አመነ። በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆችን ከኡጋንዳ ባስወጣ ጊዜ፣ የአገሩ ንግድ አብዛኛው በእነርሱ እጅ ስለ ነበረ፣ የመኪናና የመለዋወጫ ንግድም አብሮ ተናጋ። ከብዙ ዓመታት ችግር በኋላ ንግዱ ሲለቀቅ ክፍተቱን የሞላው ከጃፓን የሚመጣው ያገለገለ መኪና ሆነ።

ጃፓን ለዚህ ንግድ የተመቸችበት ምክንያት ግልጽ ነው። በጃፓንም በኡጋንዳም መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ሲሆን መሪው በቀኝ በኩል ነው። ከዚህም በላይ የጃፓን ሕግ ለቤት የሚሆን አዲስ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመር ያዝዛል፤ ምርመራውና ጥገናው ወጪ ስለሚያስከትል ባለመኪናው ገና ደኅና የሆነውን መኪና ለጨረታ ይለቃል። በኢትዮጵያ ግን ከ1964 ጀምሮ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ከእነዚሁ መኪናዎች አንዳንዶቹ መሪያቸው ወደ ግራ እየተዛወረ ነው የገቡት፤ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በጥንቃቄ ካልተሠራ አደጋ አለው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ የሁለቱ ከተሞች ገበያ ከዚያ ወዲህ በየራሱ መንገድ ሄዷል።

የካምፓላ ገዢ የሚገዛበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው በቀጥታ ከጃፓን ነጋዴ አዝዞ ማስመጣት ነው። ሁለተኛው በናካዋና በጂንጃ መንገድ ዳር ካሉት «ቦንድ» ከሚባሉት ግቢዎች መግዛት ነው፤ እነዚህ ቀረጣቸው ገና ያልተከፈለ መኪናዎች በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር የሚቆሙባቸው ናቸው። ሦስተኛው በአገሩ ውስጥ ሲነዳ ከቆየ ሰው እጅ መግዛት ነው። ከጃፓን የሚያስመጣ ሰው ዋጋው ቢቀልለትም ሳምንታት ይጠብቃል፤ መኪናውንም ሳያየው ገንዘቡን ይልካል። በቦንድ የሚገዛ ሰው መኪናውን በዓይኑ ያያል፤ ነገር ግን ሻጩ የነገረው ዋጋ ቀረጡን የጨመረ መሆኑንና አለመሆኑን በጽሑፍ ካላረጋገጠ፣ ርካሽ መስሎት የተስማማበት መኪና ከዓቅሙ በላይ ይሆንበታል። በዚህ ምክንያት መያዣውን ከፍሎ ቀሪውን ማግኘት ያቃተው ገዢ ጥቂት አይደለም።

ቀረጡ ራሱ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነው። በ1991 የተቋቋመው የኡጋንዳ ገቢዎች ባለሥልጣን ቀረጡን የሚያሰላው በገዢው ደረሰኝ ብቻ አይደለም፤ ለየመኪናው ዓይነትና ዕድሜ ራሱ የሚገምተው ዋጋ አለ። በዚያ ግምት ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የጋራ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 18 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎችም ክፍያዎች ይታሰባሉ። መኪናው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ስለ አካባቢ አየር ጥበቃ የሚከፈል ቀረጥ ይታከልበታል። እንግዲህ አሮጌ መኪና በጃፓን ርካሽ ሆኖ ሳለ ካምፓላ ሲደርስ ቀረጡ ከመግዣ ዋጋው ሊበልጥ ይችላል። በጃፓን ዋጋ ብቻ ተታሎ በጀት ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው።

በ2018 የወጣው የትራፊክና የመንገድ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ ከተሠሩ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪናዎች ወደ ኡጋንዳ እንዳይገቡ ከልክሏል። በጎረቤት ኬንያ ወሰኑ 8 ዓመት ብቻ ነው። ይህ ሕግ ገዢውን የሚነካው ብዙ ሰው በማያስተውለው በኩል ነው። ለምሳሌ በካምፓላ እጅግ የተወደደው ቶዮታ ስፓሲዮ መሠራቱ የቀረው በ2007 ነው፤ ስለዚህ ከ2022 ወዲህ አዲስ የሚገባ ስፓሲዮ ሊኖር አይችልም። የሰባት ሰው መቀመጫ ያለው ቶዮታ ኢፕሰምም በ2009 ስለ ቀረ ዕጣው ያው ነው። እንግዲህ «ትናንት ከመርከብ የወረደ ስፓሲዮ» የሚል ሻጭ ቢገኝ ንግግሩን እዚያው ማቆም ይሻላል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በዚህ ነገር የከተማይቱ ሕዝብ ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው የከተማ ጉዞ የ1,000 ሲሲ ሞተር ያለው ቶዮታ ቪትስ ይበቃል፤ ነገር ግን ከነቤተ ሰብ ወደ ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ሰው ይጠብበዋል፤ ዳገት ላይም ይደክማል። የ1,500 ሲሲው ቶዮታ ፕሪሚዮ ምቾትን ከቁጠባ ጋር በማስተባበር ከሁሉ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የኋላ መቀመጫው ሰፊ፣ ሞተሩ ጸጥተኛ ነው። ጉድለቱ ከመሬት ብዙ ከፍ አለማለቱ ነው፤ በካምፓላ ጉድጓድ በበዛባቸው መንገዶች ሆዱ እንዳይነካ አንዳንዶች ከሞላው በላይ ማስነሻ ያስገቡለታል። ልጆች የበዙለት ሰው ባለሰባት መቀመጫውን የ1,800 ሲሲ ቶዮታ ዊሽ ይመለከታል፤ ሽማግሌ ወላጆች ያሉት ደግሞ የኋላ በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተተውን ቶዮታ ራውም ቢመርጥ አይጸጸትም። ሱባሩ ፎሬስተር አራቱም ጎማዎቹ ስለሚጎትቱ ለጭቃ መንገድ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሞተሩ ፒስቶኖች ወደ ጎን የተኙ ስለሆኑ ካንዴላ መለወጥ እንኳ እጅ ያደክማል፤ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክም ይጠይቃል። ቶዮታ ሃሪየር የብዙ ጎልማሶች ምኞት ነው፤ የተወሰነ ገቢ ላለው ሰው ግን ከምኞት ባያልፍ ይሻላል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው መኪናው በአንድ ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድለት 83 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድለት ግን 143 ሊትር ያስፈልገዋል። ልዩነቱ በወር 60 ሊትር፣ በዓመት 720 ሊትር ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያሳስበው አባት ይህ ቤንዚን በሦስት ዓመት ስንት እንደሚሆን ያስላ። ደግሞም የቤንዚን ዋጋ በኡጋንዳ የሚወሰነው በሩቅ ቦታ ነው። በ2008 መጀመሪያ ኬንያ ከምርጫ በኋላ በታወከች ጊዜ ካምፓላ ነዳጅ አጣች፤ በጥር 2022 የጭነት መኪና ነጂዎች በማላባና በቡሲያ ድንበር የኮቪድ ምርመራን ተቃውመው በቆሙ ጊዜም በአንዳንድ አውራጃዎች የአንድ ሊትር ዋጋ 10,000 ሺሊንግ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለው ወራት ትንሽ ሞተር ያለው ሰው ይጨነቃል፤ ትልቅ ሞተር ያለው ግን መኪናውን ያቆማል።

ሞተሩ ትንሽ መሆኑ ብቻም አይበቃም። «ዲ 4» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የቶዮታ ሞተሮች ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ፒስቶኑ ክፍል የሚረጩ ናቸው፤ ከፕሪሚዮና ከዊሽ የ2,000 ሲሲዎቹ በዚህ ዓይነት ሞተር የተሠሩ አሉ። ንጹሕ ቤንዚን በማይታጣበት አገር መልካም ሠሩ፤ ቤንዚኑ አጠራጣሪ በሆነበት ቦታ ግን ፓምፓቸውና መርጫቸው ቶሎ ይታመማል። ተራውን ሞተር የመረጠ ገዢ በጥቂት ኃይል ማነስ ብዙ ሰላም ይገዛል።

ከሁሉም በላይ የመለዋወጫ ነገር አለ። በናኪቩቦ አጠገብ የሚገኘው የኪሴካ ገበያ የካምፓላ የመለዋወጫ ሁሉ ልብ ነው፤ ለፕሪሚዮ ወይም ለቪትስ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ፣ የፊት መብራት፣ ካምቢዮ ሳይቀር በዚያ ይገኛል፤ ዋጋውም ሻጩ ስለበዛ ይወርዳል። ባልተለመደ መኪና የመጣ ሰው ግን አንዱን ሻጭ ለምኖ ያስመጣል፤ የጠየቀውንም ይከፍላል። የቶዮታ ኮሮላ 100 በሉጋንዳ ቋንቋ «ኪኩሚ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «መቶ» ማለት ነው። በ1990ዎቹ የተሠራው ይህ መኪና እስከ ብዙ ዘመን ድረስ ገዢ ያላጣው ውበት ስላለው ሳይሆን፣ ክፍሎቹን ፈትቶ የማይገጥም መካኒክ ስለሌለ ነው። ብዙ ሰው የያዘውን መያዝ የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ፤ መኪና ግን ለሠርግ የሚለበስ ልብስ አይደለም።

መኪናውን ስለ መመርመር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የተነዳውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ሻጩ የጨረታውን ወረቀት እንዲያሳይ ይጠየቅ፤ በዚያ ወረቀት ላይ መኪናው በቁጥር ደረጃ ይሰጠዋል፤ 4 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ደኅና ነው፤ «አር» የሚለው የላቲን ፊደል የተጻፈበት ግን ተጋጭቶ የታደሰ ነው። ወረቀቱ ከሌለ የመሪው፣ የፍሬኑ መርገጫና የነጂው ወንበር መበላት ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ ይነሣ፤ ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ከወጣ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ዳገት ላይም ይሞከር፤ ለዚህስ ካምፓላ ዳገት አይቸግራትም። ሻጭ የጠራው መካኒክ የሻጭ ምስክር ስለሆነ ገዢው የራሱን ይዞ ይሂድ።

በአገሩ ውስጥ የተነዳ መኪና ሲገዛ ግን ከሞተሩ ይልቅ ወረቀቱ ያስፈራል። «ሎግቡክ» የሚባለውን የባለቤትነት ደብተር መያዣ አድርገው የሚያበድሩ አበዳሪዎች በካምፓላ ብዙ ናቸው። ዕዳውን ሳይጨርስ መኪናውን የሸጠ ሰው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ አበዳሪው ግን የሚፈልገው መኪናውን ነው፤ መኪናውም ያለው በአዲሱ ገዢ ግቢ ነው። የዓመታት ቁጠባ በአንድ ጠዋት የሚጠፋው እንዲህ ነው። ስለዚህ የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር ከደብተሩ ጋር ይመሳከር፤ በመንግሥት መዝገብም ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ይጣራ፤ ስሙ እስኪዛወርም የዋጋው መጨረሻ ክፍል በገዢው እጅ ይቆይ። ሻጩ «በኋላ እናዛውረዋለን» ቢል ብዙ ሰው ያፍርና ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ማፈር አያስፈልግም።

ከበጀቱም ላይ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ሳይነካ ቢቀመጥ መልካም ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ሸራና ባትሪም በመጀመሪያው ወር መታየታቸው አይቀርም። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም ዕድሜው ይታይ፤ በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት መስተዋቶችና መብራቶች ደግሞ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው በቆመ ጊዜ ስለሚሰረቁ፣ የካምፓላ ሰዎች የሰሌዳውን ቁጥር ያስቀርጹባቸዋል፤ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ሥራውም ለመጀመሪያው ቀን ሊተው አይገባውም።