ሥዕልና ጽሕፈት፤ የቤተ ሰብን መታሰቢያ በፎቶግራፍ ስለ መጠበቅ

ዓይን ያየውን ሁሉ ልብ ይዞት አይቀርም። የአምናው መከር፥ የታላቅ እኅት ሠርግ፥ የአያት አነጋገርና ፈገግታ፥ ባየናቸው ዕለት ከቶ የማይረሱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ መልካቸው እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ የቀደሙ ሰዎች የወደዱትን ነገር ከመረሳት ለማዳን ሁለት ብልኀት አበጁ፤ አንደኛው ሥዕል ነው፥ ሁለተኛውም ጽሕፈት ነው። ሥዕል መልክን ይጠብቃል፤ ጽሕፈት ግን ስምንና ዘመንን፥ የነገሩንም ምክንያት ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ መታሰቢያው እኩሌታ ይሆናል። እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ፎቶግራፍ የሚባለው ሥዕል እንዴት እንደ ተገኘ፥ ከጽሕፈትም ጋራ ሆኖ የቤተ ሰብን መታሰቢያ እንዴት እንደሚጠብቅ በአጭሩ እናስረዳለን። የውጭ አገር ታሪክ ዘመን የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስተውሉ።

ፎቶግራፍ የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የወጣ ነው። ፎስ ማለት ብርሃን፥ ግራፌ ማለት ጽሕፈት ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ሲጋጠሙ በብርሃን መጻፍ ማለት ይሆናል። የአሠራሩም መሠረት ለማስተዋል የሚያስቸግር አይደለም። ብርሃን የሚሄደው በቀጥታ ነው። መስኮት የሌላትን ጎጆ በር ዘግታችሁ በግድግዳዋ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብትተዉ፥ ውጭውም ብርቱ ፀሐይ ቢሆን፥ በቀዳዳዋ ፊት ለፊት በዘረጋችሁት ነጭ ጨርቅ ላይ የውጭው ዛፍና መንገድ ተገልብጦ ይታያችኋል። ይህም የሚሆነው ከላይ የመጣው ብርሃን በቀዳዳዋ አልፎ ወደ ታች፥ ከታች የመጣውም ወደ ላይ ስለሚያርፍ ነው። በባስራ የተወለደው ኢብን አል ሃይሠም የሚባለው ሊቅ ከዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ይህነን ነገር መርምሮ ጽፎታል። ካሜራ የሚባለውም መሣሪያ ይህችው ጎጆ አንሳ በሣጥን መጠን የተሠራች ናት፤ ካሜራ ማለትም በላቲን ቋንቋ እልፍኝ ማለት ነው።

ነገር ግን በጨርቁ ላይ የታየው ሥዕል ፀሐይ ሲጠልቅ ይጠፋል። ስለዚህ ይዞ ለማስቀረት ሌላ ጥበብ አስፈለገ። ኒየፕስ የሚባል ፈረንሳዊ፥ ብርሃን ሲያርፍበት የሚጠነክር ቅጥራን መሰል ነገር በብረት ገበታ ላይ ቀብቶ፥ በ1826 ወይም በ1827 ዓ.ም. ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ጣራና ግንብ ያዘ፤ ሥዕሉንም ለመያዝ እጅግ ብዙ ሰዓት ፈጀበት። ከእርሱ በኋላ ዳጌር የሚባለው የአገሩ ሰው፥ ከብር ጋራ የተዋሐዱ አንዳንድ ቅመሞች በብርሃን የሚለወጡ መሆናቸውን ተጠቅሞ፥ በብር በተለበጠ መዳብ ላይ ጥሩ ሥዕል ለማስቀረት ቻለ። ሥራውም በ1839 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ ተገለጠ። በዚያው ወራት ታልቦት የሚባል እንግሊዛዊ በወረቀት ላይ የሚያስቀር ሌላ ብልኀት ገለጠ፤ በእርሱም ብልኀት ከአንዱ ሥዕል ብዙ ግልባጭ ማውጣት ተቻለ።

አሁን ከዳጌር ሥራ አንዱን በተለይ እንመልከት። በ1838 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ከፍ ካለ መስኮት ሆኖ አንድ ሰፊ ጎዳና አነሣ። በጎዳናው ላይ ሰውና ሠረገላ ይመላለስ ነበር፤ ዳሩ ግን ሥዕሉን ለመያዝ ብዙ ደቂቃ ስላስፈለገ፥ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይታይ ቀረ። ተለይቶ የታየው አንድ እግሩን አንሥቶ፥ ጫማውን ለማስጠረግ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሰው ነው፤ በፊቱም የጠራጊው መልክ በጥቂቱ ይታያል። በፎቶግራፍ ከታዩት ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ሁለቱ እንደ ሆኑ ይነገራል። ነገሥታትና መኳንንት ሳይሆኑ ተራ ሥራቸውን ሲሠሩ የተገኙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ በጊዜው ጠይቆ የጻፈው ሰው አልነበረምና። መልካቸው ተርፎ ስማቸው ጠፋ።

ከዚህ ጋራ የአገራችንን አንድ ታሪክ አስተያዩት። ዓፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ የሰባት ዓመት ልጅ የነበሩት ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። ከጥቂት ወራትም በኋላ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣቻቸው። ልዑሉ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው ሞተው በዊንድዞር ተቀበሩ። ዛሬ ያነን ሥዕል የሚያይ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያዘነውን የሕፃን ፊት ተመልክቶ፥ ይህ የቴዎድሮስ ልጅ ነው፥ በዚህ ጊዜ በዚህ ስፍራ ተነሣ ብሎ ለመናገር ይችላል። ይህም የሆነው ስማቸው ከሥዕሉ ጋራ ተጽፎ ስለ ተጠበቀ ነው። ያለ ስም ቢቀር ኖሮ፥ በባዕድ አገር የተነሣ አንድ የማይታወቅ ልጅ በሆነ ነበር።

የአገራችን ሠዓልያን ይህነን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በብራና ላይ ሥዕል ሲሥሉ፥ በአጠገቡ «ዘከመ» ብለው ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ይጽፋሉ፤ የባለ ታሪኩንም ስም ያኖራሉ። ሥዕሉን ያሣለውም ሰው ብዙ ጊዜ ከግርጌ ከነስሙ ተሥሎ ይታያል። የመጽሐፍ ጸሐፊም ሥራውን ሲፈጽም ስሙን በመጨረሻው ቅጠል ያኖራል፤ የርስትና የጉልት ነገርም በወንጌል ኅዳግ ይጻፍ ነበር። እንግዲህ ሥዕልን ከጽሕፈት ጋራ ማዋሐድ ከውጭ የመጣ አዲስ ልማድ እንዳልሆነ አስተውሉ።

በቀድሞ ዘመን ፎቶግራፍ መነሣት ታላቅ ነገር ነበር። መሣሪያው ከባድ፥ ዋጋውም ብዙ ስለ ነበረ፥ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ይነሣ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የሚነሣው ሰው ሥዕሉ እስኪያዝ ድረስ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ መቆየት ነበረበት፤ በጥንት ፎቶግራፍ የሚታዩ ሰዎች ፊታቸው የተኮሳተረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጆርጅ ኢስትማን የሚባል አሜሪካዊ ግን በ1888 ዓ.ም. ኮዳክ ብሎ የሰየመውን ቀላል ካሜራ አወጣ። በውስጡ የተጠቀለለው ፊልም 100 ሥዕል ይይዝ ነበር፤ ባለቤቱም አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ብራውኒ የሚባለው ካሜራ በ1 ዶላር ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሰው የልጁን ጨዋታና የቤቱን ደጅ፥ የገበያውንም ቀን ለማንሣት ቻለ።

በአገራችንም ፎቶግራፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት ይሠራበት ነበር። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሥራውን ያዙ። ቀጥሎም በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። ዛሬ ደግሞ በኪስ የሚያዘው ስልክ ካሜራ ስላለው፥ በገጠር ሳይቀር ብዙ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ሥዕል ያነሣል።

ነገር ግን ሥዕል ስለ በዛ መታሰቢያ በዛ ማለት አይደለም። በስልክ የተቀመጠ ሥዕል ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ አብሮ ይጠፋል። የታተመውም ቢሆን በጀርባው ምንም ያልተጻፈበት እንደ ሆነ፥ ከአንድ ትውልድ በኋላ «ይህ ማን ይሆን» ከማለት በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። ደግሞም ሰው በሞተ ጊዜ ለለቅሶ የሚሆን ሥዕል ሲፈለግ፥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለመታወቂያ የተነሣው ትንሽ ሥዕል ብቻ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ያረሰ ገበሬ በእርሻው ላይ፥ ልጆች ያሳደገች እናት በምድጃዋ አጠገብ ሳይታዩ ያልፋሉ። ሠርግና በዓል ይነሣል፤ የዕለት ኑሮ ግን ሁልጊዜ ያለ ስለሚመስል ይዘለላል። ፈጥኖ የሚለወጠው ግን የዕለት ኑሮ ነው። የእጅ ወፍጮን በብዙ ስፍራ የሞተር ወፍጮ ተክቶታል፤ የሣር ክዳኑንም ቆርቆሮ ተክቶታል። ስለዚህ እናት እንጀራ ስትጋግር፥ አባት በሬ ሲጠምድ፥ ልጆች ከምንጭ ውሃ ሲቀዱ፥ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ማንሣት ይገባል።

የመታሰቢያ መዝገብ፥ ማለት አልበም፥ አሠራሩ እንዲህ ነው። ወፍራም ወረቀት ያለው ደብተር አዘጋጁ። ሥዕሉን በሙጫ አትለጥፉት፤ ከወረቀት አራት ትንንሽ የማዕዘን ኪስ ሠርታችሁ፥ ኪሶቹን ብቻ ለጥፋችሁ፥ የሥዕሉን ማዕዘኖች በውስጣቸው አግቡ። እንዲህ ያደረጋችሁ እንደ ሆነ ሥዕሉን በፈለጋችሁ ጊዜ አውጥታችሁ ጀርባውን ለማንበብ ትችላላችሁ። ከዱቄት የተበጠበጠ ሙጫ ተባይን ይጠራል፤ ፕላስተርም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሻል። በሥዕሉ ጀርባ ስትጽፉ ቀለም ወደ ፊቱ እንዳይዘልቅ ለስላሳ እርሳስ ያዙ፥ ሳትጫኑም በዳር በኩል ጻፉ። ሥዕሉን ስትይዙ በጠርዙ ያዙት እንጂ ፊቱን በጣት አትንኩ። መዝገቡን ከጢስ፥ ከእርጥበትና ከፀሐይ ማራቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከምድጃ በላይ አይሰቀልም።

በየሥዕሉ ሥር የሚጻፈው አምስት ነገር ነው፤ ይኸውም ማን፥ የት፥ መቼ፥ ምን ሲያደርግ፥ ጸሐፊውስ ማን እንደ ሆነ ነው። ለምሳሌ «እናቴና ታናሽ እኅቴ፥ ጤፍ ሲያበጥሩ፥ በቤታችን ደጅ፥ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ጻፈው ልጃቸው» ተብሎ፥ የሁሉም ስም ከነአባቱ ይጨመርበታል። «እናቴ» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም፤ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የማን እናት እንደ ሆነች አያውቅምና።

በመዝገቡ የሚገባው ሥዕል ብቻ አይደለም። የሠርግ መጥሪያ ወረቀት፥ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ፥ የትምህርት ውጤት ካርድ፥ የመስከረም አደይ አበባ በወረቀት መካከል ደርቃ፥ የቀሚስ ጥለት ቁራጭ ሁሉ ይገባል። ይህ ልማድ በሌላ አገርም የተወደደ ነው። ማርክ ትዌይን የሚባለው የአሜሪካ ደራሲ ገጾቹ አስቀድሞ ሙጫ የተቀቡ፥ ውሃ ብቻ ሲነካቸው የሚይዙ የመታሰቢያ መዝገብ ፈልስፎ በ1873 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ፎቶግራፍ የሌለው ሰውም መዝገብ ከመሥራት የሚከለክለው የለም፤ የአያቱን ታሪክ ከአፏ ሰምቶ ይጻፍ፥ የቤቱንም መልክ በእጁ ይሣል።

አንድ ነገር ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር ነው። በኀዘን፥ በሕመም ወይም በችግር ላይ ያለን ሰው አንሥቶ ለሌላ ማሳየት ክብሩን መግፈፍ ነው። የተነሣውም ሰው ሥዕሉን ሊያይ፥ ካልወደደውም እንዲጠፋለት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ግን የሚቸኩለው አንድ ነው። በየቤቱ በሣጥን፥ በመጽሐፍ መካከል፥ ወይም በግድግዳ ላይ ስም ያልተጻፈበት አሮጌ ሥዕል ይገኛል። በሥዕሉ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ዛሬ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይቻላል፤ ካለፉ በኋላ ግን የሚጠየቅ አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፥ ከነዚህ አሮጌ ሥዕሎች አንዱን ይዞ ከታላላቆቹ አጠገብ ይቀመጥ፤ «እማማ፥ ይህ ማነው? ይህችስ ማናት? የት ነበራችሁ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ፤ የሰማውንም በዚያው ቀን በእርሳስ ይጻፍ። መምህራንም ተማሪዎቹ የጻፉትን በክፍል እያስነበቡ ቢያርሙላቸው፥ ልጆቹ የአገራቸውን ታሪክ ከቤታቸው ጀምረው ይማራሉ።