ከማሾ እስከ ፀሐይ መብራት

የዛሬው ንግግራችን ማታ ማታ ደብተራችንን ስለምናይበት ብርሃን ነው።

ማሾ ጋዝ ይሞላል፤ አየር በእጅ ይገባበታል፤ ሲበራ ቤቱን ቀን ያስመስለዋል። ኩራዝም የሚያነደው ያንኑ ጋዝ ነው። ታዲያ የኩራዙ ብርሃን ደብዛዛ፣ የማሾው ብርሃን ነጭና ደማቅ የሆነው ለምንድን ነው?

ምሥጢሩ ከመስተዋቱ ውስጥ በምትንጠለጠለው መረብ መሳይ ከረጢት ላይ ነው። አዲሷ ከረጢት ጨርቅ ናት። መጀመሪያ ስትለኮስ ጨርቁ ተቃጥሎ ያልቃል። የሚቀረው ነጭ ዐመድ መሳይ ነገር ነው። እሱ ግን ተራ ዐመድ አይደለም፤ ሴራሚክ ነው። ጀበና፣ ምጣድና ሲኒም የዚሁ ወገን ናቸው። በእሳት ያለፉ ናቸውና እሳት አያቃጥላቸውም።

ከረጢቷን የፈለሰፈው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የተባለ የኦስትሪያ ኬሚስት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 የሠራት የመጀመሪያዋ ከረጢት ብርሃኗ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር፤ ቶሎም ትሰበር ነበር። በ1891 ትክክለኛውን ቅልቅል አገኘ። ከ100 እጅ 99ኙ የቶሪየም፣ 1ዱ እጅ ብቻ የሴሪየም ሆነ። ሴሪየም ብርቅዬ መሬት ከሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ስሙ ብርቅዬ ይሁን እንጂ በምድር ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል።

ቅልቅሉን በወጥ እንመስለው። ጨው የሌለው ወጥ አይጥምም፤ ጨው ሲበዛበት ደግሞ አይበላም። ቶሪየም ብቻውን ቢግል የሚሰጠው ብርሃን ጥቂት ነው። ሴሪየምም ቢበዛ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ቶሪየሙ በነበልባሉ ክፉኛ ይግላል፤ ጥቂቷ ሴሪየም ያንን ሙቀት ለዓይን የሚታይ ብርሃን አድርጋ ታወጣዋለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቶሪየም ለጤና የማይበጅ ጨረር ያወጣል። ከረጢቷ ስትሰበር ብናኙን አትተንፍሱ፤ በአፋችሁም እፍ አትበሉት። ልጆች አይጫወቱበት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጣሉትና እጃችሁን ታጠቡ። አዲሷን ከረጢት መጀመሪያ ስትለኩሱ ደጅ አውጥታችሁ ለኩሱ። በቶሪየም ፈንታ ኢትሪየም በተባለው ብርቅዬ መሬት የተሠሩ ከረጢቶችም አሉ። ነገር ግን በዓይን አይለዩምና ሁሉንም በጥንቃቄ ያዙ።

አሁን ደግሞ በፀሐይ ወደሚሞላው መብራት እንምጣ። ጋዝ የለውም፤ ነበልባልም የለውም። ሴሪየም ግን አለው! መብራቱን አጥፉና ቀረብ ብላችሁ እዩት። በብዙዎቹ ላይ ትንንሽ ቢጫ ነጥቦች ታያላችሁ። ቢጫው ነገር ኢትሪየምና አሉሚኒየም ያለበት ሴራሚክ ነው፤ ጥቂት ሴሪየም ተጨምሮበታል። ከሥሩ ያለችው ደቃቅ ፍሬ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ሰማያዊ ብርሃን ትሰጣለች። ሴሪየሙ ከሰማያዊው ከፊሉን ይወስድና ቢጫ አድርጎ ይመልሰዋል። ቢጫውና የተረፈው ሰማያዊ ሲገናኙ ለዓይናችን ነጭ ሆነው ይታያሉ። በዚህ ዘዴ የተሠራው ነጭ መብራት ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ነው።

እንግዲህ ሁለቱም መብራቶች የሚያበሩት በአንድ ቁንጥር ሴሪየም ነው። ልዩነታቸው ይኸው ነው። ማሾው ብርሃን ለመስጠት መጀመሪያ መጋል አለበት፤ ከጋዙ የሚገኘው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። አዲሱ መብራት ግን ሳይነድ ያበራል። ጭስ የለውም፤ ልጅም አያቃጥልም።

ካነበባችሁ በኋላ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦

1. የማሾ ከረጢት ጨርቋ ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው?
2. የተሰበረች ከረጢት እንዴት ትጠረጋለች?
3. ቢጫው ሴራሚክ ሰማያዊውን ብርሃን ምን ያደርገዋል?

ደኅና ሁኑ።