ዋልያን ያተረፈው ገደል

በስሜን ተራሮች ከደባርቅ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ የሚዘልቅ ሰው መሬቱ ድንገት ያልቅበታል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰና ተደራርቦ የረጋ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ዝናብና ጅረት ሲቦረቡሩት ኖረው አንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል አውጥተውለታል። በማለዳ ቁልቁል ላየ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ወንድ ዋልያ ሰው እግሩን በማያሳርፍበት ጠርዝ ላይ ቆሞ ቅጠል ይቀነጥባል።

ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ለሥጋውና ለቀንዱ ሲታደን፣ ግጦሹም ሲታረስ፣ ከ50 ዓመት በላይ አስቀድሞ የቀረው 150 ገደማ ብቻ ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ ዘሩን ያቆየለት አዳኝ የማይደርስበት ይህ ገደል ነው።

በ1970 ዓ.ም ስሜን ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2009 ወጣ። ለዚህ መውጣት የከፈለው ማን ነው? በደርግ ዘመን ከገደሉ ግርጌ በኃይል የተነሡ መንደርተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ደግሞ ጓሳና ጅባራ በሞላው አምባ ላይ ገብስ እያረሱ፣ በግ እያረቡ የኖሩ ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ። ሣሩ አገግሟል፤ ይህ መልካም ነው። ግን የካሳ ገንዘብ ማረስና ማርባት ብቻ ለለመደ ሰው ከተማ ውስጥ ስንት ዓመት ያሰነብታል? የዋልያውን ቁጥር ስንጠይቅ የእነሱንም ኑሮ አብረን ልንጠይቅ ይገባል እላለሁ።

በ2011 ዓ.ም የፓርኩ ሣርና አስታ ሲነድ፣ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል ባለሙያዎች ከመድረሳቸው በፊት ቅጠል ይዞ እሳቱን የተጋፈጠው የአካባቢው ገበሬ ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ቱሪስት ቀርቷል፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩ ገቢ አጥተዋል፤ የዋልያውም ቁጥር እንደገና እያሽቆለቆለ ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ከዋልያ ቆጠራው ጎን የፓርኩን ጠባቂ ስካውቶች ደመወዝና የግጭ ተነሺዎችን ሁኔታ በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቅ።