ምራቅ የሚያጠነክረው ሙጫ

ድድን በመርፌ እየወጉ በጥላሸት ማጥቆር፣ ማለትም የድድ ንቅሳት፣ በላስታም ሆነ በሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የጥርስን ንጣት የሚያጎላ ጌጥ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ ንቅሳቱን ማስጠፋት ለሚፈልጉ ሴቶች ካሉት ሕክምናዎች አንዱ ሌዘር ነው። ሌዘር የተጠናከረ የብርሃን ጨረር ነው፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ዓይነት በሥጋው ውስጥ ያለውን ውኃ በቅጽበት አፍልቶ ድዱን በስሱ ይልጠዋል፣ ትንንሽ የደም ሥሮችንም ስለሚደፍን መድማቱ አነስተኛ ነው።

የማይደማ ቁስል ግን ቁስል መሆኑ አይቀርም። የተፈጥሮ የድድ ጥቁረት የሚገኘው በላይኛው ሽፋን ግርጌ ሲሆን፣ የንቅሳት ጥላሸት ከሽፋኑ ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጠለቅ ብሎ መላጥን ይጠይቃል፤ የሚሰፋ ጠርዝ ስለሌለውም ድዱ ለምግብና ለምላስ ተጋልጦ ይቀራል። ብዙም ያልተመሰገነው የቀዶ ሕክምና ሙጫ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሙጫው ሳይኖአክሪሌት ከሚባሉት ውሕዶች ወገን ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሪ ኩቨር በ1942 እ.ኤ.አ. ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አግኝቶት፣ በነካው ሁሉ እየተጣበቀ ስላስቸገረ ትቶት ነበር፤ ለገበያ የቀረበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው።

«እርጥብ አፍ ላይ ሙጫ እንዴት ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ የሚመነጨው፣ ሙጫ ሁሉ ውኃው ተኖ የሚደርቅ ከሚመስለው የተለመደ ስሕተት ነው። ሳይኖአክሪሌት ውኃ የሚተንለት ሳይሆን ውኃ የሚያስጀምረው ነው፤ ፈሳሹ እርጥበት ሲያገኝ ነጠላ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሠሩና በሰከንዶች ውስጥ ስስ ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። ሐኪሙ አስቀድሞ ቁስሉን በጎዝ ጠቅ ጠቅ አድርጎ የሚያደርቀው፣ የሞላ ምራቅ ሙጫውን ሥጋው ላይ ሳያርፍ እንዳያጠነክረው ነው፤ ለመያያዝ የሚበቃው እርጥበት ከራሱ ከድዱ ይገኛል። ጠብታውም ትንሽ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያወጣ፣ የተደራረበ ሙጫ ያቃጥላል፣ ተሰባብሮም ይወልቃል።

የሱቅ ሱፐር ግሉ የዚሁ ቤተሰብ መሆኑን ሰምተው አፋቸው ውስጥ የሚያደርጉ ሰዎች ግን ብርቱ ተግሣጽ ይገባቸዋል። የሱቁ ሙጫ ሞለኪውል አጭር ስለሆነ ቶሎ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም ፎርማልዲሃይድ የተባለውን ሥጋ የሚጎዳ ኬሚካል ይለቃል፤ ለሕክምና የተዘጋጁት ቡቲልና ኦክቲል የሚባሉት ዓይነቶች ረዘም ያለ ሞለኪውል ስላላቸው ቀስ ብለው ነው የሚፈርሱት።

ሽፋኑ ከሥሩ አዲስ ሥጋ ሲበቅል በራሱ ስለሚነሣ በምላስ መጎርጎርም ሆነ በጥፍር መላጥ አያስፈልግም፤ እስከዚያ ድረስ ሽሮው ለብ ብሎ በርበሬው ተቀንሶ ይበላል፣ ሚጥሚጣውና የገብስ ቆሎው ደግሞ ድዱ እስኪያገግም ይቆያሉ።