ላይኛው ፎቅ መኖሪያ ይሁን

ከሳር ቤት እስከ ጀሞ፣ ከጎተራ እስከ ሳሪስ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የቆሙትን የቆዩ የገበያ ሕንፃዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው ግራውንዱና ላይኛው ፎቅ የተለያየ ዕጣ እንዳላቸው ይረዳል። ታች የሞባይል መለዋወጫው፣ ጫማውና ካፌው ተጨናንቆ ይሠራል፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ፀሐይ አደብዝዞታል። ሸማች ደረጃ መውጣት አይወድም፤ አሳንሰሩ ከቆመማ የጥርስ ክሊኒኩንም ደንበኛ ይሸሸዋል። በዚያው ሰፈር ደግሞ የሚከራይ ቤት ፍለጋ የሚንከራተተው ሰው ብዙ ነው። እኔ እንደማምነው እነዚህን ሕንፃዎች ማፍረስ አያስፈልግም፤ ላይኛውን ፎቅ መኖሪያ ማድረግ ይበቃል።

ሐሳቡ ለአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንግዳ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጀሞ ሲደርስ ታቹን ለንግድ፣ ላዩን ለኑሮ አድርጎ ነው የመጣው። የንግድ ቤቶቹ በጨረታ የሚሸጡትም ገቢያቸው የመኖሪያዎቹን ዋጋ እንዲደጉም ታስቦ ነበር። ዳቦ ቤቱና ፋርማሲው ደንበኛቸው እዚያው ከበላያቸው ይኖራል። በገበያ ሕንፃዎቻችን ግን ማታ ሱቅ ሲዘጋ ጥበቃው ብቻ ይቀራል። በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ በ1828 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ ሦስት ደርብ የገበያ ሕንፃም ላይኛው ክፍሉ ገበያተኛ አጥቶ ኖሯል። በ2013 እ.ኤ.አ. ታቹ ለሱቅ ቀርቶ ሁለቱ ላይኛ ደርቦች 48 ትንንሽ መኖሪያዎች ሆኑ።

መሐንዲሶች የሚያነሡት ተቃውሞ እውነት አለው። ለሱቅ የተሠራ ፎቅ ወደ ውስጥ ሰፊ ስለሆነ መሀሉ ብርሃን አያገኝም፤ ሽንት ቤቱ አንድ ጥግ ተሰብስቧል፤ ለየቤቱ ወጥ ቤት የሚሆን የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ የእንጀራ ምጣድ የሚችል የመብራት መስመርም የለም። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ምሰሶው፣ ወለሉና ጣሪያው አስቀድሞ ተከፍሎባቸዋል። መስኮት ያለው ዙሪያ ለመኝታና ለሳሎን፣ ጨለማው መሀል ለመታጠቢያና ለዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። መሀላቸው እስከ ላይ ክፍት የሆኑት ሕንፃዎች ደግሞ ጣሪያቸው ቢከፈት አየርና ብርሃን እስከ ታች ይወርዳል። ለእሳት አደጋ የሚሆን ሁለተኛ መውጫ ደረጃ የሌለው ሕንፃ ግን ፈቃድ ማግኘት የለበትም፤ በዚህ ድርድር የለም።

ባለንብረቱ «የሱቅ ኪራይ ይበልጣል» ይላል። ለግራውንዱ ልክ ነው፤ ባዶ ፎቅ ግን የሚያስገባው ኪራይ የለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ማስገደዱን የሚፈራ አከራይ አለ፤ ተከራይ አጥቶ ለከረመ ሰው ግን የሁለት ዓመት ውል ዋስትና ነው። ሱቆቹ የብዙ ሰዎች በሆኑበት ሕንፃ ደግሞ ሁሉንም ማስማማት ከባድ ስለሆነ፣ ባለቤቱ አንድ ከሆነው መጀመር ይሻላል።

የኮሪደር ልማቱ የመንገድ ዳር ሕንፃዎችን ፊት እያሳመረ ነው። የከተማው አስተዳደር ወደ ውስጥም ይመልከት፤ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ፈቃደኛ ባለቤት ያለውን አንድ የቆየ ሕንፃ መርጦ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃዱን ያፋጥንለት፣ ወጪውንና ኪራዩንም ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።