ስቴሮይድን የሚቀንሱ የከባድ አስም ሕክምናዎች

ከባድ አስም በከፍተኛ መጠን የሚሳብ ስቴሮይድና ተጨማሪ መድኃኒት በአግባቡ እየተወሰደም ለመቆጣጠር የሚያስቸግር የአስም ዓይነት ነው። አንዳንድ ታማሚዎች እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ ኪኒን ለረጅም ጊዜ ለመዋጥ ይገደዳሉ። ኪኒኑ የመተንፈሻ ቧንቧን መቆጣት ያበርዳል፤ ነገር ግን ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ የአጥንት መሳሳት፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አማራጭ የሚፈለገው በዋናነት ለኪኒኑ ነው። በኢንሄለር የሚሳበው ስቴሮይድ በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚሠራና ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ስለሆነ የሕክምናው መሠረት ሆኖ ይቀጥላል።

በቅድሚያ የሚጣሩ ነገሮች

ለመድኃኒት አልታዘዝ ያለ አስም ሁሉ ከባድ አስም አይደለም። ኢንሄለርን በትክክል አለመጠቀም፣ መድኃኒት ማቋረጥ፣ ሲጋራ፣ የማገዶ ጭስና የአፍንጫ አለርጂ በሽታውን ያባብሳሉ። እነዚህ ሲስተካከሉ ብዙ ታማሚዎች ሌላ መድኃኒት ሳያስፈልጋቸው ይሻላቸዋል።

ተጨማሪ መድኃኒቶች

ቲዮትሮፒየም በኢንሄለር የሚሳብ ሲሆን የመተንፈሻ ቧንቧ ጡንቻዎችን በማላላት አየር እንዲተላለፍ ይረዳል። ሞንቴሉካስት በኪኒን መልክ ይወሰዳል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን የስሜትና የእንቅልፍ መዛባት ሊያመጣ ይችላል።

ባዮሎጂካል መድኃኒቶች

እነዚህ በቤተ ሙከራ የሚዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት ሲሆኑ አብዛኞቹ ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣሉ። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ በሰፊው ሲያዳክም እነርሱ ግን አንድ የተወሰነ ሞለኪውል ብቻ ያግዳሉ።

ኦማሊዙማብ፦ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአስም የተፈቀደ የመጀመሪያው ነው። የአለርጂ ምላሽ የሚያስነሳውን አይጂኢ ይይዛል።
ሜፖሊዙማብና ቤንራሊዙማብ፦ ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ይቀንሳሉ።
ዱፒሉማብ፦ መቆጣትን የሚያስተላልፉትን የኢንተርሉኪን 4 እና 13 መልእክት ያግዳል።
ቴዘፔሉማብ፦ በ2021 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ ሲሆን የኢዮሲኖፊል ቁጥራቸው ዝቅተኛ የሆኑ ታማሚዎችንም ሊጠቅም ይችላል።

የስቴሮይድ ኪኒን በሚወስዱ 135 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሜፖሊዙማብ በተሰጣቸው ታማሚዎች ዘንድ የኪኒኑ መጠን በመካከለኛ ግምት በ50 በመቶ ቀንሷል። የማስመሰያ መርፌ በተሰጣቸው ዘንድ ግን ለውጥ አልታየም። ለታማሚው የሚስማማው መድኃኒት የሚመረጠው በደም ምርመራና በአለርጂ ታሪክ ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ዋጋ ውድ መሆኑ በብዙ አገሮች ተደራሽነታቸውን ገድቦታል።

ጥንቃቄ

ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አድሬናል እጢ የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ይቀንሳል። ስለዚህ ኪኒኑን በድንገት ማቆም ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው። ባዮሎጂካል መድኃኒቶች ድንገተኛ የአስም ጥቃትን ስለማያስታግሱ ፈጥኖ የሚያስታግሰው ኢንሄለር ምንጊዜም ከታማሚው መለየት የለበትም።